ልቁጠር፣ ሰዓት ልያዝ ወይስ ናሙና ልውሰድ? የባህርይ አመዘጋገብ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

ልጁ ይጮኻል። ይህን እናቱም አስተማሪውም ያውቃሉ። «ካለፈው ሳምንት ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን እናቱ አንድ ነገር፣ አስተማሪው ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። የዋሸ የለም። ሰው የሚያስታውሰው የባሰውን ቀን ነው፣ ካልሆነም የትናንቱን። ድካም ሲጨመርበት ደግሞ ሁለቱ ጩኸት ሃያ ይሆናል።

ተግባራዊ የባህርይ ትንተና፣ በአጭሩ ኤቢኤ የሚባለው ሙያ፣ ዕቅዱ ይቀጥል ወይስ ይቀየር የሚለውን የሚወስነው በተመዘገበ ቁጥር ነው። ችግሩ ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ባህርይ፤ ዘዴው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ልዩነቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከታች እንደምታዩት ከዜሮ እስከ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ቅጽ ኮፒ አድርጋችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ዘዴ ምን እንደሚያሳይ፣ ምንስ እንደሚደብቅ ማወቅ አለባችሁ። ለጀማሪ ቴራፒስት፣ ለልዩ ፍላጎት መምህር፣ «ቤት ውስጥ መረጃ ያዙልን» ለተባለ ወላጅም ያው ነው።

መጀመሪያ ስለምንድን ነው የምናወራው?

«ይረብሻል» አይመዘገብም። «ይናደዳል»ም እንደዚያው። የሚመዘገበው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አይተው «አዎ፣ አሁን ሆነ» የሚሉት ነገር ነው። «መምታት» ካላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ በተከፈተ ወይም በተጨበጠ እጅ የሌላውን ሰው አካል በኃይል መንካት። እጁ ከተሰነዘረ ባያገኘውም ይቆጠራል። ትኩረት ለማግኘት ትከሻ ቸብ ቸብ ማድረግ አይቆጠርም። የማይቆጠረውን መጻፍ የሚቆጠረውን ከመጻፍ እኩል ያስፈልጋል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁሌም ዳር ዳሩ ላይ ነውና።

መጀመሪያና መጨረሻውም ይወሰን። ልቅሶው ለ10 ሰከንድ ጋብ ብሎ እንደገና ቢነሳ አንድ ነው ሁለት? የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት ምረጡ።

አንድ ጥሩ ማጣሪያም አለ። ከሙያው አንጋፋዎች አንዱ የሆነው ኦግደን ሊንድስሌ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። ሬሳ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ባህርይ አትበሉት ይላል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ስንቱን ዕቅድ ያፈርሳል! «አለመጮህ»፣ «ከወንበር አለመነሳት»፣ «ዝም ማለት»፣ እነዚህን ሁሉ ሬሳ አሳምሮ ያደርጋቸዋል። በምትኩ «እጁን አውጥቶ ይጠይቃል» ብላችሁ ብትጽፉ የሚታይ፣ የሚቆጠርና የሚያድግ ነገር ያዛችሁ ማለት ነው።

መቁጠር ወይስ ሰዓት መያዝ?

ምርጫው የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ያስቸገራችሁ ምኑ ነው? ብዛቱ ነው? መርዘሙ ነው? ወይስ ለመጀመር መዘግየቱ?

ብዛቱ ከሆነ ቁጠሩ። መቁጠር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ወረቀት ላይ ጭረት ማድረግ ይቻላል፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት ቆጣሪ አለ። እጃችሁ ሥራ ላይ ከሆነ ሳንቲሞችን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወርም ያስኬዳል። መቁጠር የሚያዋጣው ባህርዩ ጥርት ያለ መጀመሪያና መጨረሻ ሲኖረው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚወስደው ጊዜ ተቀራራቢ ሲሆን፣ ለዓይንም የማይፈጥን ሲሆን ነው። መምታት፣ መናከስ፣ ዕቃ መወርወር፣ «እርዱኝ» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ይመቻሉ።

ነገር ግን ብቻውን የተጻፈ ቁጥር አይታመንም። «6 ጊዜ መታ» ማለት ምን ማለት ነው? በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ በደቂቃ 0.3 ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ከሆነ በደቂቃ 0.05። የስድስት እጥፍ ልዩነት አለው። የምትከታተሉበት ርዝመት ከቀን ቀን የሚለያይ ከሆነ ሁሌም ለጊዜው አካፍሉ። የባህርይ ተመራማሪው ቢ.ኤፍ. ስኪነርም በቤተ ሙከራው ዋና መለኪያ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ምላሹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመጣ።

አሁን መቁጠር የሚያሳስትበትን እንይ። ሰኞ ልጅቷ 9 ጊዜ አለቀሰች፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል። ዓርብ 2 ጊዜ ብቻ አለቀሰች፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ቁጥሩ «ከ9 ወደ 2 ወረደ» ይላል። ቤቱ ግን ሰኞ 9 ደቂቃ፣ ዓርብ 40 ደቂቃ ልቅሶ ሰምቷል። ለልቅሶ፣ ለቁጣ፣ ለብቻ መጫወት፣ ሥራ ላይ ለመቆየት ሰዓት ያዙ። የስልካችሁ ስቶፕዎች ይበቃል። ቆይታን ስትይዙ የእያንዳንዱን ለየብቻ ከጻፋችሁት ብዛቱንም በነጻ ታገኛላችሁ። ድምሩን ብቻ ከያዛችሁ ግን አንዱን ረጅም ከብዙ አጫጭሮች መለየት አትችሉም። ስለዚህ ለየብቻ ይጻፍ ባይ ነኝ።

መዘግየት ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ከቆይታ ጋር ያምታቱታል። መዘግየት ትእዛዙ ካለቀበት ልጁ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ነው። ቆይታ ከጀመረበት እስኪጨርስ ያለው። «ጫማህን አድርግ» ተብሎ 8 ደቂቃ ቆሞ፣ ከጀመረ በኋላ በ1 ደቂቃ የሚጨርስ ልጅ ችግሩ ጫማ ማሰር አይደለም። ይህን ሳይለዩ ማሰር ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ማጠርም ችግር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልስ ልጅ መዘግየቱ እንዲጨምር ነው የምንፈልገው።

ባህርዩ ዕድል ሲሰጠው ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትእዛዝ መፈጸም ወይም ካርድ አይቶ ስም መናገር፣ መቶኛ ይመረጣል። ዛሬ 4 ጊዜ፣ ነገ 20 ጊዜ ታዝዞ ሊሆን ስለሚችል ጥሬ ቁጥሩ ፋይዳ የለውም። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። አንደኛ፣ ከ4ቱ 3 እና ከ20ው 15 ሁለቱም 75 በመቶ ናቸው፤ በመጀመሪያው ግን አንድ ስህተት ብቻ 25 ነጥብ ያወርዳል። ስለዚህ ከስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ መቶኛ ፍጥነትን አያይም። 20 ካርድ በ1 ደቂቃ የሚመልስና በ10 ደቂቃ የሚመልስ ሁለቱም 100 በመቶ ናቸው።

ኃይልን መለካት፣ ማለትም ጩኸቱ ምን ያህል ከፍ አለ፣ ምቱ ምን ያህል ጠነከረ የሚለው፣ ያለ መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። ግድ ካልሆነ አትግቡበት። ግድ ከሆነ ምልክት በሚተው ነገር ደረጃ ስጡት፤ ቀላ፣ አበጠ፣ ደማ እያላችሁ።

ሙሉውን መከታተል ሳይቻል ሲቀር

አንዳንድ ባህርይ ለመቁጠር አይመችም። እጅን ማራገብ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንዳበቃ ማን ያውቃል? ወይም ደግሞ ሌላ ሥራ አለባችሁ። እዚህ ላይ ጊዜውን በእኩል ክፍሎች፣ በኢንተርቫል፣ ቆርጦ ሳጥን መሙላት ይመጣል። ሦስት ዓይነት አለ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው።

በከፊል ኢንተርቫል ባህርዩ በክፍሉ ውስጥ ለቅጽበት እንኳ ከታየ ሳጥኑ ላይ ምልክት ይደረጋል። በሙሉ ኢንተርቫል ምልክት የሚደረገው ባህርዩ ከክፍሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ብቻ ነው። በቅጽበት ናሙና ደግሞ የክፍሉ ጊዜ ሲያልቅ ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። በዚያች ቅጽበት እያደረገው ነው? አዎ ወይ አይ። ከዚያ በፊት የሆነው አይመለከታችሁም።

ቁጥር አስገብተን እንየው። ለ10 ደቂቃ ትከታተላላችሁ፤ በ15 ሰከንድ ሲቆረጥ 40 ሳጥን ይሆናል። ልጁ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ እያንዳንዱ 2 ሰከንድ። በስቶፕዎች ብንይዘው 20 ሰከንድ ከ600 ሰከንድ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነው። አሁን ሦስቱን ዘዴዎች አሰልፏቸው። እያንዳንዱ ድብደባ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከወደቀ ከፊል ኢንተርቫል 10 ሳጥን፣ ማለትም 25 በመቶ ይላል። ሙሉ ኢንተርቫል ዜሮ። በቅጽበት ናሙና አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ብታገኙ ነው፤ ጭራሽ ላታገኙም ትችላላችሁ።

ገና አላበቃም። ከፊል ኢንተርቫሉን በ15 ሰከንድ ፈንታ በ1 ደቂቃ ብትቆርጡት በየሳጥኑ አንድ ድብደባ ስላለ 10 ከ10 ይሆናል። 100 በመቶ! ልጁ ምንም አልቀየረም፤ የተቀየረው ሳጥኑ ነው። በዕቅድ መሀል የኢንተርቫል ርዝመት የሚቀይር ሰው ግራፉን በገዛ እጁ ያበላሻል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከፊል ኢንተርቫል ሌላም ጣጣ አለው። በአንድ ሳጥን ውስጥ አምስቴ ቢመታም ምልክቱ አንድ ነው፤ አንዴ ቢመታም አንድ። ስለዚህ ከአምስት ወደ አንድ የወረደ ትልቅ ለውጥ ግራፉ ላይ ላይታይ ይችላል። በአንድ በኩል ጊዜውን ያጋንናል፣ በሌላ በኩል ፈጣን ባህርይ ሲሆን ብዛቱን ይደብቃል። ያም ሆኖ በየቦታው የምታገኙት ቅጽ ይሄው ነው። ለምን ቢባል ቅጹ ስለሚያምር ይመስለኛል፤ ሳጥኖቹ ሲሞሉ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

የሚከላከሉለት ሰዎች አንድ በቂ ምክንያት አላቸው። መቀነስ የምትፈልጉትን ባህርይ በከፊል ኢንተርቫል ብትይዙ ስህተቱ ወደ ማጋነን ስለሚያደላ ቶሎ «ቀነሰ» ብላችሁ አትጨፍሩም። መጨመር የምትፈልጉትን፣ ለምሳሌ ሥራ ላይ ማተኮርን፣ በሙሉ ኢንተርቫል ብትይዙ ደግሞ ስህተቱ ወደ ማሳነስ ነው፤ እዚያም ቶሎ አትሸወዱም። ልክ ነው። ግን ሁለቱም ዓይናችሁን ከልጁ ላይ እንዳትነቅሉ ያስገድዳሉ። ዓይናችሁን ካልነቀላችሁ ደግሞ ባህርዩ መጀመሪያና መጨረሻ እስካለው ድረስ ስቶፕዎቹን መጫን ምን ከለከላችሁ?

ክፍል ውስጥ እያስተማረ ለሚመዘግብ ሰው እኔ የማደላው ለቅጽበት ናሙና ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ትምህርቱን ይቀጥላል። ረዘም ላለ ባህርይ፣ እንደ ሥራ ላይ መቆየት ወይም ጣት መጥባት፣ ኢንተርቫሉ አጭር እስከሆነ ድረስ ከእውነተኛው ጊዜ ብዙ አይርቅም። የሚሳሳተውም ሁሌ ወደ አንድ ወገን አይደለም። አልፎ አልፎ ለሚመጣና ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ባህርይ ግን አይሆንም፤ መናከስን በቅጽበት ናሙና የሚይዝ ሰው ቀኑን ሙሉ ዜሮ ሲጽፍ ይውላል። ድምፅ ያለው ደወል አትጠቀሙ፤ ልጆች ደወሉን ያውቁና ለደወሉ ብቻ ጨዋ ይሆናሉ። ክፍተቱንም አንዴ 3፣ አንዴ 6 ደቂቃ እያደረጋችሁ ብታለዋውጡት ጥሩ ነው። ለቡድን ከሆነ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ለተገኙት ልጆች ብዛት ማካፈል ነው፤ 12 ከ16 እያላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሪፖርት ላይ «ከኢንተርቫሎቹ 25 በመቶ» በሉ። «ከጊዜው 25 በመቶ» ወይም «10 ጊዜ» ማለት ያላያችሁትን መመስከር ነው።

ባህርዩ ካለፈ በኋላ የሚለካ

አንዳንዱ ባህርይ አሻራ ይተዋል። የተሠራ የሒሳብ ጥያቄ፣ የተነጠፈ አልጋ፣ የተቀደደ ደብተር። እዚህ ላይ ልጁ ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ በኋላ መጥቶ መቁጠር ይበቃል። ርካሽ ነው፣ በሁለት ሰው ማስቆጠርም ቀላል ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር፣ ማን እንደሠራው ነው። የቤት ሥራው ሁሉ ትክክል ሆኖ ከመጣ ከታላቅ እህት ጋር ተወያዩ። ቪዲዮም አላፊውን ባህርይ ወደዚህ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ደጋግሞ ማየት ይቻላላ። የወላጅ ፈቃድ ሳይኖር ግን ካሜራ አይከፈትም።

ከባህርዩ በፊት ምን ሆነ፣ ከኋላውስ ምን ተከተለ እያሉ የሚጻፈው ማስታወሻ ከእነዚህ ጋር መወዳደር የለበትም። እሱ «ለምን» ለሚለው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ «ስንት» ለሚለው አይሆንም። ጎን ለጎን ያዙት፤ ግራፍ ግን አትሥሩበት።

እስክሪብቶውን ማን ይይዛል?

ምርጥ የተባለው ዘዴ የሚይዘው ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት ጠዋት ከተነሳችበት ማታ እስክትተኛ ሰዓት እንድትይዝ መጠየቅ ቀልድ ነው። ሁለት ቀን ትይዛለች፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ቁጭ ብላ ከትዝታዋ ትሞላዋለች። ከዚያ ይልቅ ባህርዩ በሚበዛበት ሰዓት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ 20 ደቂቃ፣ ሙሉ ትኩረት ሰጥታ ብትይዝ ይሻላል። ያ ቁጥር ግን ስለዚያ 20 ደቂቃ እንጂ ስለ ቀኑ ሁሉ አይናገርም።

አፕ ወይስ ወረቀት የሚለው ብዙ ያከራክራል። አፕ ሰዓቱን ራሱ ይጽፋል፣ ግራፉንም ይሠራል። በተቃራኒው ስልክ ሲያይ ልጁ «ስጡኝ» ካለ የምትለኩትን ባህርይ በራሳችሁ መሣሪያ ቀሰቀሳችሁት ማለት ነው። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም። ሁለቱም ጋ አንድ ሕግ አይቀየርም፦ ዜሮ እና ባዶ አንድ አይደሉም። ተከታትላችሁ ካልታየ 0 ጻፉ፤ ካልተከታተላችሁ ሰረዝ አድርጉ። ባዶ ሳጥን ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አይፈታውም።

ሁለተኛ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1968 ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍ እና ቶድ ሪስሊ የሙያውን መስፈርቶች ባስቀመጡበት ጽሑፍ አንድ የሚያስደነግጥ ጥያቄ አንስተዋል፦ ተለወጠ የምንለው የማን ባህርይ ነው? የልጁ ወይስ የመዝጋቢው? መዝጋቢ ይለምዳል፣ ይሰለቻል፣ የመጀመሪያውን ፍቺ ሳያውቀው እያላላ ይሄዳል። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ ሁለተኛ ሰው ለብቻው፣ ሳይተያይ፣ አብሮ ይመዝግብ። በተለምዶ 80 በመቶና ከዚያ በላይ መስማማት ያጠግባል ይባላል።

ግን መስማማቱ እንዴት ተሰላ? አንዱ 10፣ ሌላው 8 ቆጠሩ፤ 8 ለ10 ሲካፈል 80 በመቶ። እሰየው! ቆይ ግን። በመጀመሪያው 5 ደቂቃ አንደኛው 8፣ ሁለተኛው 2 ቆጥረው ነበር። በቀጣዩ አንደኛው 2፣ ሁለተኛው 6። በየ5 ደቂቃው ሲሰላ 25 እና 33 በመቶ ነው፤ በአማካይ ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። ጭራሽ አንድ ነገር እያዩ አልነበረም።

በሳጥንም ያው ነው። ከ40 ሳጥን ሁለቱም ሁለት ሁለት ምልክት አደረጉ፤ ግን የተለያዩ ሳጥኖች ላይ። 36ቱን ባዶ በመተዋቸው ስለተስማሙ ስምምነቱ 90 በመቶ ይሆናል። ቢያንስ አንዳቸው ምልክት ያደረጉባቸውን ሳጥኖች ብቻ ስታሰሉ ዜሮ ነው። ባህርዩ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ የኋለኛውን ስሌት ጠይቁ፤ ተደጋጋሚ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ባዶ በተተዉት ላይ አስሉ።

ዘዴውን መሀል ላይ መቀየር ግድ ከሆነስ?

ይሆናል። በቁጥር የጀመራችሁት ልቅሶ እየረዘመ ይመጣና ሰዓት መያዝ እንደነበረባችሁ ይገባችኋል። ያኔ አሮጌውን በአንድ ቀን አትጣሉ። ለጥቂት ክትትሎች ሁለቱንም ጎን ለጎን ያዙ፤ ሁለቱ እንዴት እንደሚተያዩ ይታያል። ከዚያ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ከመስመሩ አጠገብ ምን እንደተቀየረና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች አታገናኟቸው። አዲሱ መለኪያ የራሱ መነሻ፣ ማለትም ማነጻጸሪያ የሚሆኑ የመጀመሪያ ቁጥሮች፣ ያስፈልገዋል፤ ዕቅዱ በአዲሱ ቁጥር የሚመዘነው ያ መነሻ ከተያዘ በኋላ ነው።